በጣት የሚነበብ ወረቀት

የእናቴ ጓዳ መስኮት የለውም። በቀትር እንኳን በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ብትገቡ የገዛ እጃችሁ አይታያችሁም። እናቴ ግን ፋኖስ ሳትይዝ ትገባና የፈለገችውን አንስታ ትወጣለች። ሽሮ ስትል ሽሮ፣ አብሽ ስትል አብሽ። ምስጢሩ የዕቃዎቹ አንገት ላይ ነው። የበርበሬው ባልዲ ጆሮ ላይ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ የአሮጌ ነጠላ ጥለት ታስሯል። ሽሮው ላይ ለስላሳ የጥጥ ፈትል አለ፤ አብሹ ላይ ደግሞ እጅ የሚኮሰኩስ የበግ ፀጉር ክር። የበሶው ጆንያ ላይ ምንም የለም። «በሶ ምን ምልክት ይፈልጋል? ትልቁ እሱ ነው» ትላለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ከምኖርበት ከደብረ ብርሃን እናቴ ወዳለችበት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስሄድ 14 ታጎች ሠርቼ ይዤላት ሄድኩ። ታግ ስል አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ በክር ስጦታ ላይ ወይም ዕቃ ላይ የሚንጠለጠል ቁራጭ ወረቀት ማለቴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ ነበር የሠራኋቸው። ወረቀቱን በቡና አተላ ነክሬ አጥቁሬዋለሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አርጅቶ እንዲታይ አድርጌዋለሁ፣ ሪባን አስሬበታለሁ። መሐሉ ላይ በወፍራም ቁም ጽሕፈት «በርበሬ»፣ «ሽሮ»፣ «ኮረሪማ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እናቴ አንድ በአንድ እያገላበጠች አየቻቸው። «ያምራሉ፤ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። በማግስቱ አብሽ እንዳመጣላት ጓዳ ስትልከኝ በዳበሳ ገባሁ፤ እጄ ያው የድሮው የበግ ፀጉር ክር ላይ አረፈ። ታጎቼ ሳሎን፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አጠገብ፣ አንድ ሚስማር ላይ በሰልፍ ተሰቅለዋል።

«ምነው እማዬ፣ አላሰርሻቸውም?»

«እነሱማ ጌጥ ናቸው ልጄ። ምን እንደሚሉ ደግሞ እኔ አላውቅም።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ልጅ ሆኜም አውቃለሁ። ግን 14 ወረቀት ላይ 14 ቃል ስጽፍ አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላለኝም። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሥራ ሁሉ መነሻውም እሱ ነው።

እስከዚያ ድረስ ጌጥ ለእኔ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነበር። ወረቀቱ ቃሉን ይናገራል፤ አበባው፣ ቁልፉ፣ ክሩ ደግሞ ለዓይን ማማሪያ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ከስልክ ቪዲዮ የተማርኩትም እንደዚያው ነው። በዚያ ያሉት ሴቶች ጠረጴዛቸው ሙሉ ቀለም፣ ማህተም፣ ዝግጁ አበባ ነው። እኔም እንደ እነሱ ለመሆን አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ከደመወዜ እየቆረጥኩ እገዛ ነበር። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለአንድ ጠርሙስ ቀለም!

ሚክስድ ሚዲያ የሚሉት ሥራ ወረቀትን፣ ቀለምን፣ ጨርቅን፣ ክርንና ማህተምን አንድ ገጽ ላይ አገናኝቶ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። በሥዕሉ ዓለም ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ እ.ኤ.አ. በ1912 የጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ቁራጭ በሥራቸው ላይ መለጠፍ ሲጀምሩ እንደ ትልቅ ነገር ተቆጠረ፤ ትልቅ ነገርም ነው። እኔ ግን ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያደግኩበት ቤት ግድግዳ ነው። እናቴ ለበዓል ጭቃውን ከመረገች በኋላ ከወረዳ ከተማ የተገኘ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበት ነበር። ቤቱን ያሞቀዋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ያምራል። ማንበብ የተለማመድኩትም ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ የምትለጥፈው መልኩን እያየች ስለነበር ግማሹ ዜና ተዘቅዝቆ ነበር። እኔና ወንድሜ መደቡ ላይ በጀርባችን ተኝተን፣ ጭንቅላታችንን ወደ ታች አንጠልጥለን ነበር የምናነበው።

እንዲህ እየለጠፉ የሚሠራው ሥራ ኮላዥ ይባላል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛው «መለጠፍ» የመጣ ነው። እኛ ኮላ የምንለው ከጣሊያንኛ ነው። ሁለቱም ሲመዘዙ አንድ የግሪክ ቃል ላይ ይገናኛሉ፤ ትርጉሙም ሙጫ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የሩቅ አገር ሙያ ነው ብዬ መፍራቱን ትቻለሁ።

ስለ ሙጫው ካነሳሁ አይቀር አሠራሩን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት፣ አምስት እጅ ውኃ። ዱቄቱ መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ጓል እስኪያጣ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ቀሪው ውኃ ይጨመርና በቀስታ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ነጭነቱ ጠፍቶ ማብረቅረቅ ሲጀምር፣ ማማሰያውም ሲከብድ በስሏል ማለት ነው። ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠውና የሚያጣብቀው ሲሞቅ ነውና ጥሬ ዱቄት ወረቀት አይዝም። እኔ ትንሽ ቅርንፉድ አፍልቼ ውኃውን እጨምርበታለሁ፤ ሻጋታን ያዘገያል። የመጀመሪያ ሙጫዬን እናቴ በጣቷ ነክታ «ይሄ ገና ሊጥ ነው፤ እሳት አላየም» ብላ መልሳ ጣደችው።

ወረቀቱንም ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ያለቁ ደብተሮችን በአውራ ጣት ልክ እቀዳድዳለሁ፣ አሳድራለሁ፣ በማግስቱ በሙቀጫ እወቅጣለሁ። ብሌንደርም ይሆናል፤ ግን ቃጫውን ይቆራርጠዋል። ወረቀት ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ ቀጭን የተክል ቃጫ ነው። ታጥቦ በተሠራ ቁጥር ቃጫው እያጠረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከደብተር ብቻ የተሠራ ወረቀት ሲደርቅ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ረጅም ቃጫ የሚሰጥ ነገር ያስፈልገዋል። ለዚያ መንዝ ጓሳ አለ።

ጓሳን ለማያውቅ፦ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ያለ ሰፊ የውርጭ አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ስሙን የሰጠውን ሣር የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልገዋል። ቢሆንም እንዳሻው አያጭደውም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ጊዜ አለው። ስለዚህ እኔ ትኩስ ሣር አልነካም። የምጠቀመው የተበጣጠሰ የጭነት ገመድ ነው። እሱን ቆራርጬ በአመድ ውኃ ለአራት ሰዓት አፈላዋለሁ። አመዱ ቃጫውን አጣብቆ የያዘውን ነገር ያሟሟዋል፤ ከዚያ አጥቤ እወቅጠዋለሁ። ለሦስት እፍኝ የደብተር ብጥብጥ አንድ እፍኝ የጓሳ ቃጫ ይበቃል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ቃጫው እንደ ወርቃማ ፀጉር ተጋድሞ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ማጥለያዬ አሮጌ የፎቶ ፍሬም ላይ የተወጠረ ያረጀ አጎበር ነው። ውኃው ሲንጠፈጠፍ እርጥቡን ወረቀት የምገለብጥበት ደግሞ የብርድ ልብስ ቁራጭ፤ ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ናትና ቁራጭ አይጠፋም። በሌላውም አገር ወረቀት ሠሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙት የሱፍ ጨርቅ ነው። ሱፍ ውኃውን ይጠጣል፣ ወረቀቱን ግን አይዝም።

ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐዩ ደረቅ ነው፤ ወረቀት በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ብቻ ሌሊት ውርጭ እንዳያገኘው ማስገባት ነው። ክረምት ላይ ግን ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። በሐምሌ የጎረቤቴ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ለእንግዶች በሚሰጥ ትንሽ የቆሎ ከረጢት ላይ የሚታሰር 80 ታግ ልሠራላት ቃል ገባሁ። ሠራሁ። ገጹን ስነካው ደርቋል። ደራርቤ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ሽታው ቀድሞ መጣ። 80ው አንድ ጡብ ሆኗል፤ ሳላቅቀው የአንዱ ቀለም የሌላው ጀርባ ላይ ይቀራል፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ሻጋታ ነጥብ ነጥብ ብሏል። ክርስትናው በማግስቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከካኪ ፖስታ ላይ ነጠላ ቁራጭ እየቆረጥኩ ነጭ ፈትል ብቻ አሰርኩበት። የሕፃኑ እናት ምንም አላለችኝም፤ አመስግናኝ ወሰደች። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ሙጫ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። አሁን በጉንጬ ነው የምለካው። ወረቀቱን ጉንጬ ላይ አስጠጋዋለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ውኃ አለበት። በየንብርብሩ መሐል አንድ ሌሊት እሰጠዋለሁ፣ በክረምት ሁለት። መጣመሙም ከዚሁ ነው የሚመጣው፦ ሙጫ የነካው ገጽ ቃጫው ውኃ ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሌላውን ገጽ ይዞት ይጠማዘዛል። ጀርባውንም ስስ ሙጫ ቀብቶ በሁለት ጨርቅ መሐል አድርጎ ከባድ ነገር መጫን ነው መድኃኒቱ። የእኔ ከባድ ነገር የእናቴ የድሮ የወፍጮ መጅ ነው።

ቀለሙን ከጓዳ ማግኘት የጀመርኩት በእልህ ነው፤ አንድ ሱቅ የሸጠልኝ ቀለም ስከፍተው ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ እንደ ጎማ ሆኖ አገኘሁት። የቡና አተላ ቀላሉ ነው፤ ከበረካው የተረፈው ፈልቶ ሲወፍር ወረቀቱን የአሮጌ ብራና መልክ ይሰጠዋል። እርድ ግን ያስገረመኝ እሱ ነው። በእርድ ውኃ ነክሬ ያደረቅኩት ቢጫ ወረቀት ላይ ሳላስበው የአመድ ውኃ ጠብ አለበት። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ዓይኔ እያየ ቀላ፤ እንደ ሸክላ ጡብ ቀላ። ሌላ ጠብታ ጣልኩ፣ ያም ቀላ። ሎሚ ብነካው ተመልሶ ቢጫ ሆነ። እንደ ሕፃን ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ ስሞክር ዋልኩ። በላባ ጫፍ የአመድ ውኃ እየነከርኩ አበባ ሳልኩበት፤ ቢጫ ወረቀት ላይ ቀይ አበባ፣ ያለ አንዲት ጠብታ የተገዛ ቀለም። እርድ ፀሐይ ላይ እንደሚለቅ ልንገራችሁ፤ ጓዳ ውስጥ ለሚሰቀል ግን ከእሱ የሚሻል የለም።

ቢጫ ስል እንቁጣጣሽ ይመጣብኛል። ወንድሜ ከደብተሩ መሐል ገጽ ገንጥሎ አበባና መልአክ ይስላል፣ እኔ ከለር እቀባለታለሁ፤ ጠዋት ቤት ለቤት ይዞ ሲዞር ሳንቲም ይሰጡታል። እኔ ከሴቶቹ ጋር አበባየሆሽ እላለሁ። ከለሮቹ መካከል ቀድሞ የሚያልቀው ቢጫው ነበር። ያ ሥዕል ለእኛ ዝም ብሎ ጌጥ አልነበረም። እሱን የተቀበለ ቤት ዓመቱ መለወጡን ተነግሮታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እናቴ «ጌጥ ናቸው» ያለችው ቃል የገባኝ። የብራና መጻሕፍታችንን አስቡ። ገጹ አናት ላይ የሚሳለው ሐረግ ለማማሪያ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ክፍል እዚህ ጀመረ ይላል። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ሲጻፍም እንደዚሁ ነው። ማንበብ የማትችለው እናቴ ቅዳሴ ላይ መጽሐፉ ሲገለጥ ካየች «ቀዩ የእመቤታችን ስም ነው» ትለኝ ነበር። ያነበበችው በቀለሙ ነው። ጌጡን ከትርጉሙ ለይቼ መጨረሻ ላይ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። እሷ ለይታው አታውቅም።

እናም ለጓዳዋ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት በየታጉ ላይ ዕቃውን ራሱን መለጠፍ ነበር፤ ምስሩ ላይ ምስር፣ አብሹ ላይ አብሽ። በወሩ ስደውልላት «አይጥ ጠራሽብኝ» አለችኝ። ምስሩ ተቆርጥሟል፣ የዱቄት ሙጫውም አብሮ ተበልቷል። ተውኩት።

ለፋሲካ ስመለስ ወረቀቶቼን፣ ክሮቼን፣ ጄሶና ኮላዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ሌማት እየሰፋች ነበር። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ በርበሬ በእጅ ሲነካ ምን ይመስላል?» አልኳት። ወስፌዋን አስቀምጣ አሰበች። «ይቆጠቁጣል» አለች። ስለዚህ የጄሶ ዱቄት በነጭ ኮላ ለውሼ፣ ከፕላስቲክ ፋይል ላይ በቆረጥኩት ስቴንስል (ቅርጽ ማውጫ) ቀዳዳ አሾለኩት፤ ሲደርቅ እንደ ጥርስ የቆሙ ነጠብጣቦች ሆነ። ላዩን በቀይ ቀባሁት፤ የእሷን ጥለት እዚያው የታጉ ቀዳዳ ላይ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩበት። ለሽሮው ከስስ ወረቀት ሥር የጥጥ ፈትል በመስመር በመስመር አስተኝቼ ለጠፍኩ፤ ላዩ ሲዳሰስ እንደ ታረሰ ማሳ ነው። ኮረሪማው በገዛ እጇ የተሰፋ ነው። ከሌማቱ የተረፈውን አለላ ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ አክርማ ካልራሰ ይሰበራልና። ወረቀቱን በወስፌ እየበሳች ጠርዙን ዙሪያውን ጠመጠመችው። እኔ መርፌ ልሰጣት ብዬ ነበር፤ አልተቀበለችኝም።

አንዱ ላይ ክር፣ ቁልፍ፣ ሪባንና የደረቀ አደይ አበባ ደራርቤ ስሰጣት ዓይኗን ጨፍና ዳበሰችውና መለሰችልኝ። «ብዙ ነው። አንድ ነገር ይበል፣ ቢበዛ ሁለት፤ ጣት ይሳሳታል።» ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ፤ አንዱም ይህን አልነገረኝም። ቁልፉንና ሪባኑን ነቀልኩት።

አንድ ወር ሳይሞላ ሦስቱ ከቀዳዳቸው ተቀደው ወደቁ። እናቴ ዕቃ ስታነሳ ምልክቱን ይዛ ትስበዋለች፤ ለእሷ እጀታም ነው። የዚህ መላ የቆየ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1863 ዴኒሰን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት ታግ ቀዳዳን ግራና ቀኝ በወረቀት ቀለበት አጠናክሮ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። በቢሮ የምናውቀው ማኒላ ወረቀትም ስሙን ያገኘው ከፊሊፒንስ ከሚመጣው የአባካ ተክል ቃጫ ነው። አባካ የሙዝ ዘመድ ነው፤ እንሰትም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህን እንዳነበብኩ ለድፎ ዳቦ ከመጣው ኮባ የተረፈውን ጠርዝ አደረቅኩ፣ በቀለበት ቅርጽ ቆርጬ ከፊትም ከኋላም ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ የተቀደደ የለም።

አሁን ጓዳዋ ውስጥ 11 ታግ አለ። ሦስቱን ዕቃዎች በጨርቃቸው ትታቸዋለች፤ ልማዱን ለምን እቀማታለሁ። ሳሎን የተሰቀሉት የመጀመሪያዎቹ 14ም እዚያው ሚስማር ላይ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ «ልጄ የጻፈችው ነው» እያለች ታሳያለች።

ባለፈው ሰሞን መንገዱ እንደ ልብ አልሆነም ነበርና ብዙ ወር ሳልሄድ ቀረሁ። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ደወለልኝ፤ በጣርማ በር በኩል አልፎ ደብረ ብርሃን ገብቷል፣ ከመሐል ሜዳ የተላከ ዕቃ ይዟል። ሄጄ ተቀበልኩ። የገብስ ቆሎ ነው፣ በትንሽ ጆንያ። አፉ ላይ እኔ ያልሠራሁት ታግ ታስሯል። ወረቀቱ እዚያ ትቼው የመጣሁት የጓሳ ወረቀት ነው፤ ቀዳዳው ዙሪያ የኮባ ቀለበት አለው፣ ሙጫው በደንብ በስሏል። መሐሉ ላይ በመቀስ ሳይሆን በእጅ የተቀደደ የጋዜጣ ቁራጭ ተለጥፏል።

የቆሎ ምልክት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና ደወልኩላት።

«የቆሎ አይደለም» አለችኝ። «ያንቺ ነው። ለወንድምሽ ሌላ አለው። ለአንቺ ፊደል ያለበትን ለጠፍኩልሽ።»

ከበሬ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። ፊደሎቹ ተዘቅዝቀዋል፤ እንደተዘቀዘቁ ነው የሰቀልኳቸው።